ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ በጡረታ ዕድሜ ባሕር ማዶ የሚያገለግሉ የሞርሞን ባልና ሚስት እንዴት ይውላሉ?

ጋና ውስጥ፣ አክራ ከተማ በኖርኩባቸው ዓመታት ከእነዚህ አረጋውያን ጋር በአንድ ጉባኤ ተቀምጫለሁ፤ አገር ቤት ስመለስ ዘመድ ወዳጅ ደጋግሞ የሚጠይቀኝን ከነመልሱ እነሆ (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ነው)።

እነዚህ አረጋውያን እነማን ናቸው?

ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ጥቁር የስም ባጅ ደረታቸው ላይ አድርገው ሁለት ሁለት ሆነው የሚሄዱ ወጣቶችን ብዙ ሰው አይቷል። የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሚስዮናውያን ናቸው። ቤተ ክርስቲያኗ በ1830 በአሜሪካ ኒውዮርክ ግዛት በጆሴፍ ስሚዝ የተመሠረተች ስትሆን፣ ዋና መሥሪያ ቤቷ በዩታ ግዛት፣ በሶልት ሌክ ሲቲ ይገኛል። «ሞርሞን» የሚለው መጠሪያ መጽሐፈ ሞርሞን ከተባለው ቅዱስ መጽሐፋቸው የመጣ ቅጽል ስም ነው። በ2018 የወቅቱ ፕሬዚዳንት ራስል ኔልሰን በሙሉ ስሟ እንድትጠራ አጥብቀው ስለ ጠየቁ፣ አባላቱ ራሳቸው ዛሬ ቅጽሉን እምብዛም አይጠቀሙበትም።

በዓለም ላይ ከ70,000 በላይ ሚስዮናውያን አሏት። አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው። ከእነርሱ ጎን ግን ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት አሉ፤ መምህር የነበሩ፣ ገበሬ የነበሩ፣ ሐኪም፣ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ልጅ በማሳደግ ዕድሜያቸውን ያሳለፉ እናቶች። ባጁ ላይ ባል «ኤልደር»፣ ሚስት «ሲስተር» ተብለው ከቤተሰብ ስማቸው ጋር ይጻፋሉ። ኤልደር ማለት ሽማግሌ ማለት ነው፤ የአሥራ ስምንት ዓመቱም ልጅ በዚሁ መጠሪያ ስለሚጠራ አዲስ ሰው ግራ ይጋባል። የዚህ ገጽ ጉዳይ በዕድሜም ሽማግሌ የሆኑት ናቸው።

ማን መሄድ ይችላል? አገሩንስ ራሳቸው ይመርጣሉ?

ቤታቸው ውስጥ የሚያሳድጉት ልጅ የሌላቸው፣ ጤናቸው የሚፈቅድላቸውና ወጪያቸውን መሸፈን የሚችሉ ባልና ሚስት ያመለክታሉ። የአጥቢያቸው ኤጲስ ቆጶስ (በእነርሱ ዘንድ የአንድ ጉባኤ መሪ ማለት ነው) ያነጋግራቸዋል፤ ሐኪምና የጥርስ ሐኪም መርምረው ቅጽ ይሞላሉ። ጊዜው 6፣ 12፣ 18 ወይም 23 ወር ሊሆን ይችላል። ባል የሞተባት ወይም ያላገባች ሴትም ከ40 ዓመቷ ጀምሮ ማገልገል ትችላለች፤ ከሌላ ሴት ጋር ትመደባለች።

ወጣቱ የት እንደሚላክ አይመርጥም። አረጋውያኑ ግን ክፍት የሆኑትን የሥራ መደቦች አይተው ፍላጎታቸውን መግለጽ ይፈቀድላቸዋል። ያም ሆኖ ጥሪው የሚመጣው ከሶልት ሌክ ሲቲ ነው፤ ፊሊፒንስን ያሰቡ ባልና ሚስት የጋናዋ ከተማ ኩማሲ ልትደርሳቸው ትችላለች። ጥሪውን ከተቀበሉ በኋላ አጭር ሥልጠና ወስደው ይጓዛሉ።

ደመወዝ አላቸው?

የላቸውም። እንዲያውም የቤት ኪራዩን፣ ቀለቡን፣ የመጓጓዣውንና የጤና መድኑን የሚከፍሉት ከጡረታቸውና ካጠራቀሙት ነው። በአንዳንድ ከተሞች ኪራይ እጅግ ውድ በመሆኑ በ2011 የቤት ወጪያቸው በወር ከ1,400 ዶላር እንዳያልፍ ጣሪያ ተበጀለት፤ ከዚያ በላይ ያለውን ቤተ ክርስቲያኗ ትሸፍናለች። ልጆቻቸው ተዋጥተው የሚያግዟቸውም አሉ።

«ተከፍሏቸው ነው እንጂ ማን በዚህ ዕድሜው አገሩን ይለቃል» የሚለውን ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። መኪናቸውን ሸጠው፣ ቤታቸውን አከራይተው፣ ውሻቸውን ለጎረቤት ሰጥተው የመጡ ሰዎች አውቃለሁ። ይህን አባባል መቃወም የማላቆመው ለዚህ ነው።

እኛ አገር ሰው ሲያረጅ እንደሚመነኩሰው ነው?

ጥያቄውን እወደዋለሁ፤ የሚመስልበትም የሚለይበትም አለ። የሚመስለው ሐሳቡ ነው፦ ልጅ አድጎ፣ እርሻው ወይም ሥራው ለተተኪ ተላልፎ፣ የቀረውን ዕድሜ ለእግዚአብሔር መስጠት። እኛ ዘንድ አሮጊቷ ቆብ ይጭናሉ፣ ወደ ገዳም ወይም ወደ ደብር ደጅ ይጠጋሉ፤ ከዓለም ይለያሉ።

እነዚህ ግን አይለዩም። ባልና ሚስት ሆነው መጥተው ባልና ሚስት ሆነው ይኖራሉ፤ አንድ ቤት፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ገበታ። ስእለትም የለበትም፤ ጊዜያቸው ሲያበቃ አትክልታቸውን ወደሚኮተኩቱበት ቤት ይመለሳሉ። ከአምስትና ከስድስት ጊዜ በላይ ተመላልሰው ያገለገሉም አሉ።

ቀናቸው ምን ይመስላል?

ወጣቶቹ የተቆረጠ ሰዓት አላቸው፤ ከጠዋቱ 12፡30 ይነሣሉ፣ ከምሽቱ 4፡30 ይተኛሉ። አረጋውያኑ በዚህ አይታሰሩም። በአክራ የማውቃቸው ግን አብዛኞቹ ከወጣቶቹ ቀድመው ነበር የሚነሡት፤ ምክንያቱ ፀሐይዋ ናት። አገሩ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ ጠዋት 12 ሰዓት ገደማ ትወጣለች፣ ማታ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ በመሐል ያለው ሙቀት ለሰባ ዓመት ሰው አይቻልም። ስለዚህ ገና ጎሕ ሲቀድ ባልና ሚስቱ ጎን ለጎን ሆነው በሰፈሩ ይራመዳሉ። ዳቦ የምትሸጠው፣ ዘበኛው፣ ትምህርት ቤት የሚሄዱት ልጆች ሁሉ ያውቋቸዋል። ተመልሰው ይታጠባሉ፤ ውኃ ካለ። ከሌለ ሮቶው ውስጥ ያለውን በባልዲ ቀድተው ይለቃለቃሉ። ቁርስ፣ አብሮ መጽሐፍ ማንበብ፣ ተንበርክኮ መጸለይ።

ከዚያ እንደ ምድባቸው ነው። በሚስዮን (ሚስዮናውያኑ የሚተዳደሩበት ክልል) ጽሕፈት ቤት የተመደቡ ከሆኑ 2 ሰዓት ላይ ጠረጴዛቸው ላይ ናቸው። እርሷ የወጣቶቹን የቪዛና የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀት ይከታተላሉ፤ ፓስፖርቱ የት ደረሰ፣ የማን ፈቃድ በሚቀጥለው ወር ያበቃል፣ ነገ ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚወጡት ስንት ናቸው። እርሳቸው ደግሞ የተከራዩትን ቤቶች ይዘዋል፤ አከራዩ የሁለት ዓመት ቅድሚያ ክፍያ ጠይቋል፣ የአንዱ ቤት ጣሪያ ያፈሳል፣ የሌላው ፓምፕ ተቃጥሏል። ሃያ ጊዜ ስልክ ይደወላል። መብራት ይጠፋል፤ ጋናውያን «ዱምሶር» ይሉታል፣ በቋንቋቸው ማጥፋትንና ማብራትን አጣምሮ የያዘ ቃል ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የነበረው ሥራ ይቆማል፣ በሩ ይከፈታል፣ ሰው ወጥቶ ጥላ ሥር ይቀመጣል። አዲስ የመጡት መጀመሪያ ላይ በዚህ ይበሳጫሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን የዘበኛውን ልጆች ስም፣ የእናቱን ሕመም፣ የመንደሩን ወሬ ያወቁት መብራት በጠፋባቸው በእነዚያ ሰዓታት መሆኑን ራሳቸው ይነግሯችኋል።

ከሰዓት በኋላ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ናቸው። የወጣቶቹን ቤት መፈተሽ የአረጋውያኑ ሥራ ነው፤ አጎበሩ ተቀዷል ወይ፣ የውኃ ማጣሪያው ተቀይሯል ወይ፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ የሻገተ ነገር አለ ወይ። ሴትየዋ በቆርቆሮ ብስኩት ይዘው ይሄዳሉ። ከእናቱ ተለይቶ ስምንት ወር የሆነው የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ያንን ብስኩት ሲቀበል ፊቱ ላይ የሚታየውን አይቻለሁ፤ ፍተሻው ሰበብ መሆኑን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ማታ ደግሞ ለወጣቶች የሃይማኖት ትምህርት ያስተምራሉ ወይም የታመመ ሰው ቤት ይሄዳሉ፤ ካልሆነም እቤት ተቀምጠው ፊልም ያያሉ። ይህም ለእነርሱ የተፈቀደ ነው።

በየቤቱ እየዞሩ ይሰብካሉ?

አይጠበቅባቸውም። ሰው ከጠየቃቸው ስለ እምነታቸው በደስታ ይነግሩታል፤ ሥራቸው ግን ሌላ ነው። ጽሕፈት ቤቱን ከላይ አይተናል። በቤተ መቅደስ የሚያገለግሉ አሉ፤ የአክራው በጃንዋሪ 2004 ተመርቆ የተከፈተ ነው። የወጣቶቹን ጤና የሚከታተሉ ጡረታ የወጡ ሐኪሞች፣ ሒሳብ የሚመረምሩ፣ የውኃ ጉድጓድና የተሽከርካሪ ወንበር ፕሮጀክቶችን የሚያስተባብሩ፣ በገጠር ያለች ትንሽ ጉባኤን የሚደግፉ አሉ።

እኔን ከሁሉ የማረከኝ የመዝገብ ሥራው ነው። ፋሚሊሰርች የተባለው የቤተ ክርስቲያኗ የዘር ሐረግ ድርጅት አሮጌ መዛግብትን በካሜራ ያነሣል፤ ባልና ሚስት ቀኑን ሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ ቆመው ገጽ በገጽ ይገልጣሉ፣ ያነሣሉ። በጋና ደግሞ በወረቀት ያልሰፈረውን፣ የመንደሩ ሽማግሌ በቃሉ የያዘውን የትውልድ ቆጠራ በአካባቢው ተወላጆች አማካይነት ያስቀርጻሉ። ሰባት ቤት ቆጥሮ ላደገ ኢትዮጵያዊ ይህ ባዕድ አይደለም። አዛውንቱ ሲሞቱ አብሮ የሚቀበረውን ስም ለማትረፍ የሚሯሯጡት ከሩቅ አገር የመጡ ሌሎች አዛውንት መሆናቸው ልቤን ይነካኛል።

ቋንቋ ይማራሉ?

እንደ ወጣቶቹ አይገደዱም። በጋና የመንግሥቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ስለሆነ ሥራቸውን ያለ ችግር ይሠራሉ። ግን ገበያ በእንግሊዝኛ ብቻ አያስደስትም፤ ስለዚህ ትዊ በተባለው የአገሩ ቋንቋ ሰላምታ ይለማመዳሉ፣ «ሜዳሴ» ብለው ማመስገን ይችላሉ። በቀኝ እጅ መስጠትና መቀበልን፣ ሰው በተሰበሰበበት ከቀኝ ጀምሮ ሰላም ማለትን ይማራሉ። ጋናውያን በተወለዱበት ቀን ስም ያወጡላቸዋል፤ ዓርብ የተወለዱት አያት ኮፊ፣ ቅዳሜ የተወለዱት ደግሞ አማ ይሆናሉ። ሽበት እንደ እኛው አገር የሚከበርበት ምድር ነውና ወንበር ይለቀቅላቸዋል፣ ዘንቢል ይያዝላቸዋል። አሜሪካ ውስጥ በዕድሜያቸው ምክንያት ማንም የማያያቸው የነበሩ ሰዎች እዚህ ሲከበሩ ቀና ይላሉ።

ምግቡንና ሙቀቱን ይችሉታል?

ሙቀቱን ይለምዱታል እንጂ አይወዱትም። ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ሐርማታን የሚባለው ነፋስ ከሰሐራ አቧራ ይዞ ሲመጣ አስም ያለባቸው ይቸገራሉ። የቢጫ ወባ ክትባት ወረቀት ሳይያዝ ጋና አይገባም፤ የወባ መከላከያ ክኒን ይወስዳሉ፣ ከአጎበር ውጭ አይተኙም፣ ያልተጣራ ውኃ አይቀምሱም። ምግብ ላይ እንደየሰዉ ነው። ፉፉ የተባለውን የአገሩን ምግብ በእጅ ቆርሶ ሾርባው ውስጥ ነክሮ ሳያኝኩ መዋጥ ለአንዳንዱ ይከብዳል፤ እኔ እንኳ እንጀራ በእጄ እየበላሁ ያደግኩት ለመልመድ ጊዜ ወስዶብኛል። ሩዝና ባቄላ አንድ ላይ የሚቀቀለውን ዋቼን ግን ያልወደደ አላየሁም።

ቡና አይጠጡም የሚባለው እውነት ነው? እኛ ቤት ቢመጡስ?

እውነት ነው። በ1833 የተጻፈውና «የጥበብ ቃል» የሚሉት የጤና ሕግ አልኮልን፣ ትምባሆን፣ ቡናንና ሻይን ይከለክላል። ጋና ውስጥ ይህ ብዙ አያስቸግርም። አዲስ አበባ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እኛ ዘንድ ቡና ማለት መጠጡ ብቻ አይደለምና። ቄጠማ ጎዝጉዞ፣ ዕጣን አጭሶ የጠበቀ ሰው «አልጠጣም» ሲባል ቅር ይለዋል።

ብልሆቹ የሚያደርጉት እንዲህ ነው፦ ቀድመው በትሕትና ይነግራሉ፣ ከዚያ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪያልቅ ድረስ ከመቀመጫቸው አይነሡም። ፈንዲሻውንና ቆሎውን ይበላሉ፣ ጭሱን ያሸትታሉ፣ ይጫወታሉ። እኛም በበኩላችን ትኩስ ወተት ወይም የዝንጅብል ውኃ ብናቀርብ ይበቃል። እናቴ እንደዚህ ዓይነት እንግዳ ገጥሟቸው ወተት በሲኒ ቀድተው ሰጧቸው፤ ሦስት ሲኒ ጠጥተው መርቀው ሄዱ።

ኢትዮጵያ ውስጥስ አሉ?

አዎ። ግንኙነቱ የጀመረው በረሃቡ ዘመን ነው። በጃንዋሪ 27 ቀን 1985 በአሜሪካና በካናዳ ያሉ አባላት ጾመው የምግባቸውን ዋጋ ለኢትዮጵያና ለሌሎች የተጎዱ አገሮች ሰጡ፤ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። በዚያው ዓመት ራስል ባላርድ የተባሉት የቤተ ክርስቲያኗ መሪ ወደ አገራችን መጥተው መጠለያዎቹን ጎበኙ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የምታካሂደው የእርዳታ ሥራ አደረጃጀት ሥሩ ከዚያ ጾም የሚመዘዝ ነው። ቤተ ክርስቲያኗ በኢትዮጵያ በ1993 ተመዘገበች፤ መጽሐፈ ሞርሞን በ2000 በአማርኛ ታተመ፤ በ2020 ደግሞ አዲስ አበባ ራሷን የቻለች ሚስዮን ሆነች። አረጋውያን ባልና ሚስት እዚህም ያገለግላሉ፤ ሰፈር ውስጥ «አባባ»፣ «እማማ» ሲባሉ ደስ ይላቸዋል።

ሁለቱ ቀኑን ሙሉ አብረው ሲውሉ አይጣሉም?

ይጣላሉ። እግርና እግር እንኳ ይጋጫል። አርባ ዓመት በትዳር ኖረዋል፤ ግን እርሱ ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባ ነበር፣ እርሷም የራሷ ወዳጆችና የራሷ ወጥ ቤት ነበራት። አሁን አንድ ቢሮ፣ አንድ መኪና፣ አንድ ጠባብ ቤት። መንዳት እርሱ ነው፣ መንገድ መጠቆም እርሷ፤ በአክራ መጨናነቅ ውስጥ፣ ትሮትሮ የሚሉት ሚኒባስ ከግራም ከቀኝም ሲገባባቸው ብዙ ቃል ይወጣል።

አንዲት ሴትዮ እንዲህ ብለው አጫወቱኝ፦ ባለቤታቸው የሒሳብ ሠራተኛ ሆነው ሠላሳ ዓመት ሲሠሩ ምን እንደሚሠሩ በትክክል አያውቁም ነበር። አክራ መጥተው ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ፊት ለፊት ሲቀመጡ፣ ባላቸው ለአንድ ጽዳት ሠራተኛ የደመወዙን ስሌት በትዕግሥት ሦስት ጊዜ ሲያስረዱ ሰሙ። «ይህንን ሰው አላውቀውም ነበር» አሉኝ። ከጠብ በኋላ መውጫ የላቸውም፤ ልጅ ቤት ሄዶ ማደር የለም። ስለዚህ መታረቅን ይለምዳሉ። ማታ አብረው ሳይጸልዩ አለመተኛት የብዙዎቹ ልማድ ነው፤ ተኮራርፎ ደግሞ አብሮ መጸለይ ያስቸግራል።

ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው አይናፍቋቸውም?

ትልቁ ዋጋ ይህ ነው። ከገንዘቡ፣ ከሙቀቱ፣ ከወባው ይልቅ ይህ ይከብዳል። ከእነርሱ ብዙዎቹ አሥራ አምስት፣ ሃያ የልጅ ልጅ ያላቸው ናቸው፤ በአሥራ ስምንት ወር ውስጥ ልጅ ይወለዳል፣ ልጅ ይዳራል፣ አንዱ ይመረቃል። ሕጻኑ መራመድ ሲጀምር በስልክ ያዩታል። አክራ ምሽት 1 ሰዓት ሲሆን ዩታ በአገሩ የብርድ ወራት እኩለ ቀን ነው፤ እሑድ ምሽት ስለዚህ የተከበረች ናት። ከጉባኤው መልስ እራታቸውን ቀድመው በልተው፣ ኢንተርኔቱ እንዳይቋረጥ እየጸለዩ ይጠብቃሉ።

ለሠርግ ወይም ለቀብር በራሳቸው ወጪ ለጥቂት ቀናት ወደ አገራቸው ደርሰው መመለስ ይፈቀድላቸዋል። ግን አንዳንዱ መርዶ አይጠብቅም። እናታቸው ያረፉባቸው አንድ አዛውንት በረራ አጥተው ቀብሩን በስልክ አዩ። በማግሥቱ ጋናውያን ጥቁርና ቀይ ለብሰው ቤታቸውን ሞሉት፤ ሰውየው ለቅሶ እንዲህ አብሮ የሚለቀስ ነገር መሆኑን ከዚያ በፊት አላዩም ነበር። ለእኛ ግን ለቅሶ መድረስ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

ቢታመሙ ወይም ቢሞቱስ?

ለዚህም ነው ምርመራው ጥብቅ የሆነው። ጤና መድን ሳይኖራቸው አይመጡም፤ በየአካባቢው የሚመደብ የሕክምና አማካሪ አላቸው፤ ሕመሙ እዚያ የማይታከም ከሆነ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ሳይጨርሱ መመለስ እንደ ውድቀት እንዳይቆጠር እመኛለሁ። ልባቸው የተሰበረ አይቻለሁና።

መስበክ በተከለከለበት አገር ምን ያደርጋሉ?

ሕጉን ያከብራሉ። ዮርዳኖስ ውስጥ ያሉት በእርዳታ ሥራ ብቻ ነው የተሠማሩት። በኢየሩሳሌም፣ በስኮፐስ ተራራ ላይ ቤተ ክርስቲያኗ የዩኒቨርሲቲ ማዕከል አላት፤ ማዕከሉ ሲቋቋም በእስራኤል ላለመስበክ ቃል ተገብቷል። እዚያ የሚያገለግሉ ባልና ሚስት ጎብኚ ይቀበላሉ፣ ሕንፃውን ያስጎበኛሉ፣ ስለ እምነታቸው ግን አያስተምሩም። በእስራኤል የምትኖሩ ወገኖቻችን ከእነርሱ ጋር ብትገናኙ፣ ስለ ሃይማኖታቸው ስትጠይቋቸው ዝም ቢሉ ንቀት እንዳይመስላችሁ። እዚያ የአምልኮ ቀናቸውም ከአገሩ ጋር ቅዳሜ ነው፤ በአንዳንድ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ዓርብ ይሰበሰባሉ።

ገንዘብ ይሰጣሉ? አሜሪካ ይወስዳሉ?

ይህን በሹክሹክታ የሚጠይቀኝ ብዙ ነው፤ ጋናም፣ አዲስ አበባም። መልሱ «አይሰጡም፣ አይወስዱም» ነው። በግላቸው ገንዘብ እንዳይሰጡ፣ ለቪዛ ዋስ እንዳይሆኑ ይመከራሉ። የተቸገረ አባል ካለ ጉዳዩ ወደ አጥቢያው ኤጲስ ቆጶስ ይሄዳል፤ አባላት በወር አንድ ጊዜ ጾመው ከሚሰጡት መባ ይረዳል። ጋና ውስጥ ኤጲስ ቆጶሱ ጋናዊ ነው፤ ማን በእውነት እንደተራበ ከእንግዳው ይልቅ እርሱ ያውቃል።

ለአረጋውያኑ ግን ይህ ደንብ ቀላል አይደለም። የትምህርት ቤት ክፍያ አጥቶ የቆመን ልጅ በየዕለቱ እያዩ እጅን መሰብሰብ አያት ለሆነ ሰው ያማል። ደንቡን ጥሰው የሰጡ አሉ። አንዳንዱ ስጦታ መልካም አፈራ፤ ሌላው ግን በር ላይ ሰልፍ አመጣ፣ በአባላት መካከል ቅናት አስነሣ፣ በፍቅር የተጀመረውን ወዳጅነት ወደ ልመና ለወጠው። እኔ ደንቡ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ በደንቡ ምክንያት ሌሊት እንቅልፍ ያጡትንም አከብራለሁ።

ጥቁሮችን ያገልሉ አልነበረም? እንዴት አፍሪካ ይመጣሉ?

ያገልሉ ነበር። ከአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ እስከ ጁን 1978 ድረስ ጥቁር ወንዶች ክህነት አይሰጣቸውም፣ ጥቁሮችም በቤተ መቅደስ ሥርዓቶች ሙሉ ተካፋይ አይሆኑም ነበር። ቤተ ክርስቲያኗ በ2013 ባወጣችው ጽሑፍ ጥቁርነትን ከእርግማን ጋር ያያያዙትን የጥንት ማብራሪያዎች እንደማትቀበል አስታውቃለች። ዛሬ ሰባ ዓመት የሞላቸው ሚስዮናውያን ክልከላው ሲነሣ የሃያዎቹ ዕድሜ ወጣቶች ነበሩ፤ ስለዚህ ጥያቄው ለእነርሱ የመጽሐፍ ታሪክ አይደለም። የሚሸሹት አሉ። ቀጥ ብለው «ልጅ ሳለሁ ስህተት የሆነ ነገር ተምሬ ነበር» የሚሉም አሉ፤ እኔ የማምናቸው እነዚህን ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀውን ልጨምር። ክልከላው በተነሣበት በዚያው በ1978፣ በኖቬምበር ወደ ናይጄሪያና ወደ ጋና የተላኩት የመጀመሪያዎቹ ሚስዮናውያን ወጣቶች አልነበሩም፤ ሁለት አረጋውያን ባልና ሚስት ነበሩ፤ ሬንዴልና ሬቸል ሜቢ፣ ኤድዊንና ጃናት ካነን። ጋና ሲደርሱ ባዶ ሜዳ አልጠበቃቸውም። ጆሴፍ ዊልያም ቢሊ ጆንሰን የተባሉት ጋናዊ ከ1964 ጀምረው ከመጽሐፈ ሞርሞን እየሰበኩ ጉባኤዎችን አቋቁመው፣ ለአሥራ አራት ዓመት ያህል የሚያጠምቃቸው ሰው እንዲላክ ሲጠብቁ ነበር። በዲሴምበር 1978 እርሳቸውና ተከታዮቻቸው ኬፕ ኮስት ላይ በባሕሩ ዳርቻ ተጠመቁ።

ሰላዮች ናቸው ይባላል። እንግዶቹ ሲሄዱስ ሥራው ይቆማል?

ሁለቱን አብሬ የምመልሰው ጋና ውስጥ አብረው ስለተፈተኑ ነው። በጁን 1989 የጋና መንግሥት የአገሪቱን ሉዓላዊነትና ሰላም ይጎዳል በሚል ቤተ ክርስቲያኗን ከሌሎች ጋር አገደ፤ የውጭ አገር ሚስዮናውያን በሳምንት ውስጥ አገሩን ለቀው እንዲወጡ ታዘዙ፣ ሕንፃዎቿ ተዘጉ። አባላቱ ዘመኑን «ብርዱ» ብለው ይጠሩታል። እገዳው እስከ 1990 መጨረሻ ቆየ። እኔ ከእነዚህ አረጋውያን ጋር በሠራሁባቸው ዓመታት ያየሁት የኪራይ ውል፣ የብስኩት ቆርቆሮና የቪዛ ቅጽ ነው፤ የሚሰለል ነገር አላየሁም።

በዚያ ዘመን ጋና ውስጥ አንድም የውጭ አገር ሚስዮናዊ አልነበረም። ጋናውያኑ በየቤታቸው፣ መጋረጃ ጋርደው፣ ድምፅ ዝቅ አድርገው እየዘመሩ ቅዱስ ቁርባናቸውን ተካፈሉ። እገዳው ሲነሣ ጉባኤዎቹ አልጠፉም ነበር፤ ዛሬ አባላቱ ከመቶ ሺህ በላይ ናቸው። ብርዱን ያሳለፉ አንዲት እናት በእኛ ጉባኤ ነበሩ። አዲስ ባልና ሚስት ከአውሮፕላን ማረፊያ በመጡ ቁጥር የመጀመሪያውን ሾርባ ይዘው የሚሄዱት እርሳቸው ነበሩ፤ ውኃው የት እንደሚጣራ፣ ገበያው የት እንደሆነ፣ ሮቶው ሲደርቅ ለማን እንደሚደወል የሚነግሯቸውም እርሳቸው።